ከሰጋር በቅሎ እስከ ቀለበት መንገድ፤ ስለ ፍጥነት ወሰንና ስለ መኪና ነጂ ዕውቀት

በአዲስ አበባ ከተማ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍል፥ ጦር ኃይሎች የሚባል ሰፈር አለ። የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚገኝበት ስፍራ ስለ ሆነ በዚሁ ስም ይጠራል፤ ለመንገደኛ ግን ይበልጥ የታወቀው የመንገዶች መገናኛ በመሆኑ ነው። ከመሐል ከተማ በሜክሲኮና በልደታ በኩል የሚመጣው ጎዳና በዚህ አልፎ ወደ አየር ጤና፥ ወደ ሰበታ፥ ወደ ወሊሶና ወደ ወልቂጤ፥ በመጨረሻም ወደ ጅማ ይዘልቃል። ከተማይቱን የሚዞረው ቀለበት መንገድም በዚሁ ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፥ ከአያት ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚመጣው የከተማ ባቡር መስመር መጨረሻም እዚህ ነው። ከነዚህ ታላላቅ መንገዶች ግራና ቀኝ ደግሞ በተጠረበ ድንጋይ የተነጠፉ፥ ሕዝቡ ኮብልስቶን የሚላቸው የመንደር መንገዶች ይገባሉ፤ በነርሱም ላይ ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ፥ ሽማግሌዎች ፀሐይ ይሞቃሉ፥ ነጋዴዎችም ሸቀጣቸውን ይዘረጋሉ።

እንግዲህ አንድ መኪና ነጂ ከጅማ መጥቶ ወደዚህ መገናኛ ሲደርስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከአውራ ጎዳና ወደ ከተማ ጎዳና፥ ከከተማ ጎዳና ወደ ቀለበት መንገድ፥ ከቀለበት መንገድም ወደ መንደር መንገድ ይሸጋገራል ማለት ነው። መኪናው ያው ነው፤ ነጂው ያው ነው፤ መሪውም ፍሬኑም አልተለወጠም። የሚገባው ፍጥነት ግን በየመንገዱ ይለያያል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው። ነጂው ይህን ልዩነት በምን ያውቀዋል? ዕውቀቱስ ከወዴት መጣለት? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ባለማወቅ የሚከፈለው ዋጋ የሰው ሕይወት ስለ ሆነ ታሪኩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

አባቶቻችን ርቀትን በኪሎ ሜትር አልለኩም፤ በቀን ነበር እንጂ። «የሁለት ቀን መንገድ ነው»፥ «የግማሽ ቀን ጎዳና ነው» ይሉ ነበር። ፍጥነትንም በቁጥር ሳይሆን በእንስሳው አረማመድ ይለዩት ነበር። በቅሎ ስትሰግር አንድ ዐይነት ነው፤ ፈረስ ሶምሶማ ሲሄድ ሌላ ነው፤ ሽምጥ ሲጋልብም ሌላ ነው። የትኛው አረማመድ ለየትኛው ስፍራ እንደሚገባ ደግሞ ማንም በጽሑፍ አላስተማራቸውም። ሜዳው ለግልቢያ ነው፤ ገደሉ ወርዶ በእግር ለመምራት ነው። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የደረሰ መንገደኛ ከበቅሎው ወርዶ ይሳለማል፤ ታላቅ ሰው ያገኘም እንደዚሁ ይወርዳል። በገበያ ሕዝብ መካከል ኮርቻ ላይ ሆኖ መጋለብም የጨዋ ሥራ አይደለም።

ይህን ሥርዓት የዛሬ ሰው እንደ አክብሮት ብቻ ይመለከተው ይሆናል። ነገር ግን በሌላ ዐይን ሲታይ የፍጥነት ወሰን ሕግ ነበረ ለማለት ይቻላል። ያውም ፍጹም ሕግ፤ ምክንያቱም ስፍራው ራሱ ለጋላቢው ይናገራል። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ከሩቅ ይታያል፤ የገበያው ሁካታ ከሩቅ ይሰማል። ጋላቢው ሊያስታውሰው የሚገባ ቁጥር የለም፤ ማየትና መስማት ብቻ ይበቃዋል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ዳግማዊ ምኒልክ መንገድን ከሥልጣኔ መሣሪያዎች አንዱ አድርገው ይመለከቱት እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ1890ዎቹ ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ እስከ አዲስ ዓለም ድረስ ያሠሩት መንገድ ለመንኰራኵር ታስበው ከተሠሩት የአገራችን የመጀመሪያ መንገዶች አንዱ ነው፤ ርዝመቱም ወደ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ መኪናም ሕዝቡን እጅግ ስላስደነቀ «የሰርኪስ ባቡር» የሚለው ስም እስከ ዛሬ በአማርኛ ቀርቷል። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቢድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በመኪናው ተቀመጡ።

በዚያ ዘመን ስለ ፍጥነት ወሰን ያሰበ ሰው ቢኖር ኖሮ ሥራ በፈታ ነበር። መንገዱ ራሱ ወሳኝ ነበርና። ድንጋዩ፥ ጭቃው፥ ዳገቱና ድልድይ ያልተሠራለት ወንዝ መኪናውን ከበቅሎ እርምጃ ብዙም አያስበልጡትም ነበር። ነጂው ቀስ ብሎ የሚሄደው ሕግ ዐውቆ ሳይሆን ሌላ አማራጭ ስላልነበረው ነው። እንደዚህ ያለው ጥንቃቄ ደግሞ ከነጂው ልብ የመነጨ ስላልሆነ መንገዱ በተስተካከለ ቀን አብሮ ይጠፋል።

መንገዱ የተስተካከለው በመከራ ዘመን ነበር። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ሠራዊቱንና ስንቁን ለማመላለስ ሲል ከዋና ከተማይቱ ወደየአውራጃው መንገዶችን ዘረጋ፤ ወደ ጅማ የሚወስደውም ከነዚሁ አንዱ ነው። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የፊያት የጭነት መኪና በነዚህ መንገዶች ላይ ሲመላለስ የኢትዮጵያ ወጣቶች በመጀመሪያ በረዳትነት፥ ኋላም በሾፌርነት ሙያውን ለመዱ። የሙያው ቋንቋም አብሮ ገባ። መኪና፥ ጎማ፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ቸርኬ፥ ናፍጣ የሚሉት ቃላት አብዛኛዎቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በመዝገብ ተመርጠው የገቡ አይደሉም፤ በጋራዥ ውስጥ፥ በዘይት በተበከለ እጅ ተይዘው የገቡ ናቸው እንጂ።

መንገዱንም ሾፌሮች በራሳቸው ቃል ከፋፈሉት። የለሰለሰው አስፋልት ነው፤ ጠጠር የፈሰሰበት ፒስታ ነው፤ የሚያንገጫግጨው ኮረኮንች ነው፤ ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ብቻ የወጣው ደግሞ ጥርጊያ ነው። ይህ አከፋፈል ከጎማ ሥር የተገኘ ስለ ሆነ ማንም ሾፌር አይሳሳትበትም። ፍጥነቱንም የሚያውቀው በማርሽ ነበር፤ ቁልቁለትን ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ መውረድ ይገባል የሚለው ምክር የሙያው ዋና ትምህርት ነው። ወደ ጊቤ በረሓ ሲወርድ፥ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ሲያቋርጥ ወይም ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲያቆለቁል በሁለተኛ ማርሽ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ የሚሄድ ሾፌር የፍጥነቱን ልክ ከጆሮው ያገኘው ነበር።

እንግዲህ ልብ እናድርግ። ለእያንዳንዱ የመኪና ዕቃ ስም አለን፤ ለእያንዳንዱ የመንገድ ዐይነት ስም አለን። «የፍጥነት ወሰን» የሚለው ግን ከጋራዥም ከጉዞም የመጣ ቃል አይደለም። ከቢሮ የወጣ፥ በወረቀት ላይ የተወለደ ቃል ነው። ሾፌር ባልደረባውን ሲመክር «ቀስ በል» ይለዋል እንጂ «የፍጥነት ወሰንህን ጠብቅ» አይለውም። በሙያው ዕውቀትና በሕጉ ዕውቀት መካከል ያለው ክፍተት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ይህ ችግር የኛ ብቻ ነው እንዳይባል የሌላውን አገር ታሪክ ጥቂት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1865 በእንግሊዝ አገር የወጣው ሕግ በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላ በገጠር መንገድ በሰዓት ከ4 ማይል፥ በከተማ ውስጥ ደግሞ ከ2 ማይል በላይ እንዳይሄድ ከለከለ፤ ይኸውም 6 ኪሎ ሜትር ተኩልና 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሠረገላውም ፊት ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እየሄደ ሕዝቡን እንዲያስጠነቅቅ አዘዘ። የከተማና የገጠር መንገድ የተለያየ ፍጥነት ሊኖራቸው ይገባል የሚለው አሳብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አለ ማለት ነው። ወሰኑም በ1896 ወደ 14 ማይል፥ በ1903 ወደ 20 ማይል ከፍ አለ። በ1930 ግን ለአውቶሞቢል የተደነገገው ወሰን ፈጽሞ ተነሣ። ውጤቱም መራራ ሆነ። በ1934 ብቻ ከ7,000 በላይ ሰዎች በብሪታንያ መንገዶች ላይ ሞቱ። በ1935 በከተማና በመንደር ውስጥ በሰዓት ከ30 ማይል ማለትም ከ48 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት እንደገና ተከለከለ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ሕጉ «ከተማ» የሚለውን ቃል የተረጐመበት ብልሃት ነው። ነጂው የአውራጃውን ካርታ እንዲያጠና አልተጠየቀም። የመንገድ መብራት ምሰሶዎች ከ200 ያርድ ማለትም ከ183 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ተከታትለው የቆሙበት መንገድ ሁሉ፥ ሌላ ምልክት ካልተተከለ በቀር፥ የ30 ማይል መንገድ ነው ተባለ። ምሰሶውን ያየ ሕጉን ዐወቀ። አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ አይተው ከበቅሎ እንደሚወርዱ ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከነፃነት በኋላ የተበላሹትን መንገዶች ለመጠገንና አዲስም ለመሥራት መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተበደረ፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የመሐንዲሶች ቋንቋ በአገራችን የጀመረው ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው ለማለት ይቻላል። መንገድ ከእንግዲህ አስፋልትና ፒስታ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በደረጃና በስፋት፥ በሚሸከመው ክብደትና በሚያስኬደው ፍጥነት የሚለካ ነገር ሆነ።

በዚህ ዘመን ከተፈጸሙት ነገሮች ሁሉ ስለ ነጂ ዕውቀት ብዙ የሚያስተምረን የሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ለውጥ ነው። ከዚያን ቀን በፊት መኪና በግራ በኩል ይነዳ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በቀኝ በኩል እንዲነዳ ተደረገ። አሳቡ ቢታሰብ የሚያስፈራ ነው። የጭነት መኪና ነጂው፥ የታክሲ ነጂው፥ የአውቶቡስ ነጂው ሁሉ የዕድሜ ልክ ልማዱን በአንድ ሌሊት መተው ነበረበት። ስዊድንም ይህንኑ ለውጥ እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1967 ባደረገች ጊዜ ሕዝቡን አስቀድማ በሰፊው አስተማረች፤ የፍጥነት ወሰኑንም ለጊዜው ዝቅ አደረገች።

እንደዚህ ያለው ከባድ ለውጥ ሲፈጸም ትንሽ የሚመስለው የፍጥነት ወሰን ግን እስከ ዛሬ በነጂው ልብ ውስጥ ያልተተከለው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ እንደሚመስለን ይህ ነው። በተሳሳተ በኩል የሚነዳ ሰው ስሕተቱን ወዲያውኑ ያየዋል፤ ፊት ለፊት የሚመጣው መኪና ይነግረዋል። ከወሰን በላይ የሚነዳ ሰው ግን ስሕተቱን የሚነግረው የለም። መቶ ጊዜ አጥፍቶ መቶ ጊዜ በሰላም ይገባል፤ በሰላም መግባቱንም የችሎታው ማስረጃ አድርጎ ይቆጥረዋል። በመቶ አንደኛው ጊዜ የሚመጣው መምህር ደግሞ ትምህርቱን የሚሰጠው ለሌላ ሰው ነው፤ ያውም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን ሕጉ ራሱ ምን እንደሚል እንይ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208 ተሽከርካሪዎችን በክብደታቸው ሦስት ቦታ፥ መንገዶችን ደግሞ አራት ቦታ ከፈላቸው። ከ3,500 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ተሽከርካሪ በከተማ ክልል 60፥ ከከተማ ውጭ በአንደኛ ደረጃ መንገድ 100፥ በሁለተኛ ደረጃ 70፥ በሦስተኛ ደረጃ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተፈቀደለት። ከ3,500 እስከ 7,500 ኪሎ ግራም ለሚደርሰው በዚሁ ተራ 40፥ 80፥ 60ና 50 ሆነ። ከ7,500 በላይ ለሆነው ደግሞ 30፥ 70፥ 50ና 40 ሆነ። በድምሩ 12 ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ በትራፊክ ሕጉ ላይ ማሻሻያ ቢደረግም የነጂዎች ትምህርት ለብዙ ዓመታት የቆመው በነዚህ ቁጥሮች ላይ ነበር።

ቁጥሮቹ በጥበብ የተደረደሩ ናቸው፤ ከባዱ ከቀላሉ፥ ከተማው ከገጠሩ ያነሰ እንዲሆን ተደርጓል። መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሁሉ ለጽሑፍ ፈተና ይሸመድዳቸዋል። ነገር ግን ፈተናውን ያለፈ ሰው በመንገድ ላይ ምን ያጋጥመዋል? ሕጉ ስለ አንደኛ፥ ስለ ሁለተኛና ስለ ሦስተኛ ደረጃ ይናገራል። መሐንዲሱ ደግሞ በበኩሉ ዋና፥ አገናኝ፥ ዋና መዳረሻ፥ ሰብሳቢና መጋቢ እያለ መንገዶችን ከአምስት ይከፍላል። ነጂው የሚያውቀው ግን አስፋልትን፥ ፒስታንና ኮረኮንችን ነው። አንድ መንገድ ነው፤ በሦስት ቋንቋ ይጠራል። በብዙ ስፍራ «ይህ መንገድ ሁለተኛ ደረጃ ነው» የሚል ሰሌዳ በዳር ቆሞ አይገኝም። ስለዚህ ነጂው 12ቱን ቁጥሮች በቃሉ ቢያውቅ እንኳ ከአሥራ ሁለቱ የትኛው አሁን እንደሚገዛው ላያውቅ ይችላል። ፒስታ የነበረው መንገድ አስፋልት ሲለብስ ደግሞ ነጂው የሚያስበው ፍጥነት እንደ ተፈቀደለት ብቻ ነው፤ በመንገዱ ዳር ያለው ትምህርት ቤትና ገበያ ግን ከስፍራው አልተነሣም።

የከተማ ክልል የሚለውም ቃል እንደዚሁ ነው። በቀድሞው ዘመን ከተማ የሚያልቅበት ቦታ ይታወቅ ነበር፤ ቤቱ ያልቃል፥ እርሻው ይጀምራል። ዛሬ ግን ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በአየር ጤና በኩል ወደ ሰበታ የሚወጣ ሰው ቤቶቹ ተያይዘው ስለሚከተሉት ከተማው የት እንዳለቀ ለመናገር ይቸገራል። በገጠሩም አውራ ጎዳና አዳዲስ ከተሞች በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ዶቃ ተሰክተዋል። በ1989 ዓ.ም. 26,550 ኪሎ ሜትር የነበረው የአገሪቱ መንገድ ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ የሚያኰራም ነው። ነገር ግን በእግሩና በአህያው ለዘመናት የኖረ ገበሬ በአንድ ዓመት ውስጥ በደጁ መቶ ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚበር መኪና ሲያገኝ ለርሱም ለነጂውም ይህን ፍጥነት የሚያስተምር ማን ነበር?

የቀለበት መንገድ ታሪክ ይህን ሁሉ በአንድነት ያሳየናል። በ1990ዎቹ ዓመታት የቻይና መንገድና ድልድይ ኩባንያ የሠራው ይህ መንገድ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሰፊ ነው፤ መሐሉ በግንብ ተከፍሏል፤ የእግረኛ ማቋረጫውም በየቦታው ከፍ ብሎ በድልድይ ነው። መልኩ ለነጂው «ፍጠን» ይለዋል። ሆኖም በግራና በቀኙ ያለው ከተማ ነው። በኮልፌ በኩል ገበያተኛ አለ፥ ተማሪ አለ፥ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ በሽተኛ አለ። ድልድዩ የራቀበት ሰው ግንቡን ዘሎ ሲያቋርጥ ማየት የተለመደ ነገር ሆኖ ኖሯል። ነጂው በአውራ ጎዳና ያለ ይመስለዋል፤ እግረኛው ደግሞ በሰፈሩ ያለ ይመስለዋል። ሁለቱም እንዳዩት ነው የተረዱት፤ መንገዱ ግን ለሁለቱ የተለያየ ቃል ነገራቸው።

ከዚህ ጋር በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረውን የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ማነጻጸር ይጠቅማል። ያ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን በአጥር የታጠረ ነው፤ እግረኛና ከብት አይገቡበትም፤ የፍጥነቱም ልክ በሰሌዳ ተጽፎ ይታያል። በዚያ ላይ መልኩና ሕጉ ይስማማሉ። በቀለበት መንገድ ላይ ግን መልኩ አንድ፥ ኑሮው ሌላ ሆነ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በነጂው ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው፤ ነጂውንም ፈጽሞ ነፃ ማውጣት እንደዚሁ ነው።

ሕዝቡ የዚህን ነገር ጉዳት ያውቀዋል፤ በስም አወጣጡም ገልጾታል። በፍጥነታቸው የሚታወቁትን የኢሱዙ የጭነት መኪናዎች አልቃይዳ፥ ከቻይና የመጡትን ከባድ ገልባጭ መኪናዎች ደግሞ ቀይ ሽብር ብሎ ሲጠራቸው ቀልድ ብቻ አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. አካባቢ በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ ከተማ ብቻ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች በመኪና አደጋ ይሞቱ ነበር፤ ከሟቾቹም የሚበልጡት እግረኞች ነበሩ። መኪና የሌለው ሰው ለመኪና ፍጥነት ዋጋ ከፈለ ማለት ነው።

ስለ ፍጥነት የተፈጥሮ ሕግ የሚናገረውንም መስማት ይገባል። ነጂ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይወስድበታል እንበል፤ ፍሬኑም ደኅና፥ አስፋልቱም ደረቅ ነው እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ13 ሜትር ያህል ውስጥ ይቆማል። 60 የሚሄደው 37 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። 100 የሚሄደው ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ በ60 የሚሄደው መኪና ፈጽሞ በቆመበት ስፍራ ላይ በ100 የሚሄደው ሲደርስ ገና ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይበራል። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ በጨመረ ቁጥር ሞት የሚያስከትል አደጋ በመቶ አራት እንደሚጨምር ያስረዳል። ሰው ፍጥነትን በእጥፍ ሲጨምር አደጋውም በእጥፍ ብቻ የሚጨምር ይመስለዋል፤ ተፈጥሮ ግን እንዲህ አትቈጥርም።

በዚህ ላይ የሰው ዐይን ራሱ ያታልላል። ከወሊሶ ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ያህል በፍጥነት ሲነዳ የመጣ ሰው ጦር ኃይሎች ሲደርስ 60 ኪሎ ሜትር እንደ እግር ጉዞ ይዘገይበታል። ዐይኑ ፍጥነትን ለምዷልና። ስለዚህ «እኔ ልምድ ስላለኝ ፍጥነቴን በስሜቴ ዐውቃለሁ» የሚል ነጂ ልምዱ ራሱ የሚያሳስተው ሰው ነው። የጥንቱ ሾፌር በጆሮው ያገኝ የነበረውን ልክ የዛሬው ሾፌር ድምፅ በማያሰማ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሊያገኘው አይችልም። የሚቀረው መሣሪያ ሁለት ነው። አንደኛው ከመሪው ኋላ ያለው የፍጥነት መቍጠሪያ፥ ሁለተኛው በመንገዱ ዳር ሊቆም የሚገባው ምልክት ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጐደለ ዕውቀት የሚባል ነገር የለም፤ ግምት ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ነጂው አያውቅም ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ቅጣት መጨመርም ከዚያ ይቀላል። ቅጣቱም የፍጥነት መለኪያ መሣሪያውም አስፈላጊ መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን የመቶ ዓመቱ ታሪክ የሚነግረን ሕግ በነጂው ልብ የሚቀመጠው ከፈተና ወረቀት ሲመጣ ሳይሆን ከመንገዱ ሲመጣ መሆኑን ነው። የበቅሎ ጋላቢው ከስፍራው ተማረ። የትሬንታ ኳትሮ ሾፌር ከቁልቁለቱና ከማርሹ ተማረ። የእንግሊዙ ነጂ ከመብራት ምሰሶው ተማረ። የ1956ቱ ነጂ ፊት ለፊት ከሚመጣው መኪና ተማረ። የዛሬው ነጂ ግን 12 ቁጥር ሸምድዶ ዝም ወዳለ መንገድ ተላከ።

ስለዚህ መንገዱ ይናገር ዘንድ ይገባል። የፍጥነቱ ልክ በቁጥር ተጽፎ በየመግቢያው ይቁም፤ ከተማው የሚጀምርበት ስፍራ ማንም በማይስተው ምልክት ይታወቅ፤ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ደጅ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራ፤ ማቋረጫውም እግረኛው በሚያልፍበት እንጂ ለመሐንዲሱ በሚመቸው ስፍራ ብቻ አይሁን። መሐንዲሱ፥ ሕግ አውጪውና ሾፌሩ አንድን መንገድ በአንድ ስም ይጥሩት። ይህ ሲሆን ነጂው «አላወቅሁም» ለማለት አፍ አይኖረውም።

ነጂውም በበኩሉ ይህን ያስብ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል ያገራችን ተረት። ከወሊሶ እስከ ጦር ኃይሎች በችኰላ የተረፈው ጊዜ ቢቈጠር ከአንድ ስኒ ቡና መጠጫ አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊጠፋ የሚችለው ግን አይመለስም። አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ በዚያው ምዕራባዊ በር በበቅሎ ሲገቡ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ ባዩ ጊዜ ልጓም ስበው ወርደዋል። ማንም አልቀጣቸውም፤ የፍጥነት ልክ የተጻፈበት ሰሌዳም አልነበረም። የሚያልፉበት ስፍራ የማን እንደ ሆነ ያውቁ ነበርና። በጦር ኃይሎች መገናኛ ላይ ሻንጣዋን አዝላ መንገድ ለመሻገር የቆመች ተማሪ ከዚያ ዛፍ ያነሰ ክብር ሊሰጣት አይገባም። እርስዋን አይቶ እግሩን ከነዳጅ መስጫው የሚያነሣ ነጂ፥ 12ቱን ቁጥሮች ቢረሳ እንኳ፥ የሕጉን ልብ ዐውቋል።